ሰባት ቁልፍ

«መሣሪያው በወር ስንት ነው?» አለች እትዬ አንጓች፣
ከደጃፏ ሆና፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ እንደተቀመጠች፤
የማዶው ልብስ ሰፊ እግሩን ከመርገጫው አነሣ፣
በጎንደር መሣሪያ ሲባል ከቶ ማን ጆሮ ሊነሳ?
«የኢንተርኔት ነው» አልኩት፣ እጄን እያወዛወዝኩ፣
«ጥይት አይጎርስም፣ ዶላር ነው የሚጎርስ» እያልኩ።

ከበሩ ጀርባ፣ ምስማር ላይ፣ ሰባት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤
ሰባቱም ክፍል ባዶ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ገብቷል።

ሦስት መሣሪያ መረጥኩ፣ ሦስቱም በፈረንጅ ብር፣
ሰባት ቀን በነፃ አስቀምሶ በስምንተኛው የሚያስር።
ካርዱን ያዋሰችኝ ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፤
«በስምንተኛው ከቆረጠብኝ ዝምድናችን አበቃለት!»

አንደኛው ሲከፈት ቀለሙ ዓይን ያሳሳል፣
«ጎንደር አልጋ» የሚለውን በወር አርባ ሰው ይፈልጋል ይላል።
ሁለተኛውን ብጠይቅ፣ ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ወር፣
ሦስት መቶ ሃያ አለኝ፣ ቅንጣት ታህል ሳያፍር።
ሦስተኛው፦ «መረጃ የለኝም»።
ከሦስቱ ያመንኩት እሱን ነው፤ ቢያንስ አይዋሽም።
የቀበሌ ቆጠራ እንኳ ይህን ያህል አይለያይም።

በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ ቀኑ ግን አብሮ አልሄደ፣
እኔ ሻማ ስፈልግ የነፃው ጊዜ ነደደ።

በአራተኛው ማስታወቂያ ለቀቅን፣ በጠቅታ የሚከፈል፣
ማንም ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር ከመቀነቷ የሚጎድል።
ከጠዋት እስከ ቀትር አሥራ ዘጠኝ ጠቅታ፣
ስልኩ ግን ጭጭ፤ አንድም ጥያቄ፣ አንድም ሰላምታ።
ለካ ጋሽ ቢያድግልኝ ነው፣ የፊት ለፊቱ ፔንሲዮን ባለቤት፣
«ማስታወቂያችሁ ያምራል» አለኝ ማታ ፒያሳ፣ «አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አየሁት!»
እትዬ አንጓች ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች፣
«ዐይቶ ከሚሄድ አንድ ሌሊት ባደረ!» አለች።

ቀጥላ ግን ኮስተር አለች፦ «ይሄ ሁሉ ቁጥር
ከዚያ ምስማር ላይ አንድ ያነሣል ወይ? ይኸን ንገረኝ፣ ዝም ብለህ አትቁጠር።»
ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው «ቁልፍ ቃል» ይባላል ብላት፣
«ቁልፉስ አለኝ፤ ቃሉን አምጣ» አለች፣ ምስማሩን ጠቁማ በጣት።

በስድስተኛው ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ማንም የማይወርድበት ድረስ ወርጄ ሰንጠረዡን ሳነብ፣
ከ«ፋሲል ግንብ መግቢያ ዋጋ» በታች፣ ከ«ስሜን ተራራ ጉዞ» በታች፣
በግራጫ ፊደል አንዲት መስመር ተኝታለች፦
«ሆስፒታል አጠገብ ጎንደር ርካሽ አልጋ ላስታማሚ»፤
አሥር ሰው በወር ይጽፈዋል፤ መልስ የለው፣ የለውም ሰሚ።
መሣሪያው «ዋጋ ቢስ» ብሎታል፤ ማንም አይጫረትበት፣
ቱሪስት የለ፣ ዶላር የለ፣ ምን ትርፍ ሊገኝበት።
እኔ ግን አየኋቸው፦ ከአርማጭሆ፣ ከደባርቅ፣ ከመተማ የመጡ፣
በሽተኛ አስገብተው ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፈው የተቀመጡ፣
ማታ በር ሲዘጋ መሄጃ ያጡ።

ያቺን መስመር ያሳየኝ ያው ሁለተኛው፣ ውሸታሙ ነው፤
ከውሸታምም እውነት ይገኛል፣ ታች ድረስ ለወረደ ሰው።

በሰባተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ሦስቱንም ሰረዝኩ።
ካርዱ ዳነ። ለአክስቴ ልጅ ፎቶውን ላክሁ።
ከዚያ በገጻችን ላይ አንድ ነገር ጻፍኩ፣ በነፃ፣ በአማርኛ፦
«ለአስታማሚ አልጋ አለን። ሌሊትም ቢሆን አንኳኩ፤ አለ ዘበኛ።»

ዛሬ ሐምሌ ስምንት ነው። ከምስማሩ ሁለት ጎድሏል።
አንደኛውን የያዙት ሽማግሌ ጫማቸው በጭቃ ርሷል፤
ሚስታቸው ቀዶ ጥገና ላይ ናት፤ እትዬ አንጓች ግማሹን ዋጋ ትታለች፣
«ይሄንንም መሣሪያህ ላይ ጻፈው» ብላ ታሾፋለች።

«እንዴት አገኙን?» ብላቸው፣
ቁልፉን በመዳፋቸው እያገላበጡ በዝግታቸው፣
«ጠይቄ» አሉኝ፤ ሌላ የለ።
ሰው ጠይቀው ይሁን ስልክ፣
ሪፖርቴ ላይ እዚያ ጋ ባዶ ቦታ አለ።